1999፦ የላቲን ሙዚቃ የገነነበት ዓመት (የአንባብያን ጥያቄና መልስ)

ውድ አንባብያን፣ ባለፈው እትም ስለ ግራሚ ሽልማት ታሪክ ባቀረብነው ጽሑፍ ውስጥ 1999ን «የላቲን ሙዚቃ የገነነበት ዓመት» ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈነው ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር ካሰብነው በላይ ጥያቄ አስከትሏል። ከደረሱን ደብዳቤዎች ተመሳሳዮቹን አዋሕደን ስድስቱን እዚህ እንመልሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የዓመቱ አብዛኛው ክፍል በእኛ 1991 ዓ.ም. ላይ ይውላል።

ጥያቄ፦ «በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። በየታክሲውና በየሙዚቃ ቤቱ የሪኪ ማርቲን ዘፈን ይሰማ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለመሆኑ በዚያ ዓመት ምን የተለየ ነገር ቢፈጠር ነው ዓለም በአንድ ጊዜ ወደ ላቲን ሙዚቃ ያዘነበለው?» (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ነገሩ በአንድ ምሽት ተጀመረ ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1999 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ሽራይን አዳራሽ 41ኛው የግራሚ ሽልማት ሲካሄድ፣ ለአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተመልካች እምብዛም የማይታወቅ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ወደ መድረክ ወጥቶ በቀደመው ዓመት የፈረንሳዩ የዓለም ዋንጫ መዝሙር የነበረውን ዘፈን አቀረበ። ከበሮ መቺዎቹ በታዳሚው መካከል እየመቱ ሲያልፉ፣ የኩባንያ ኃላፊዎችና ስመ ጥር ዘፋኞች የሞሉበት፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በቁጥብ ጭብጨባ ሲከታተል የቆየው አዳራሽ ከመቀመጫው ተነሣ።

ያ ዘፋኝ ሪኪ ማርቲን ነው። ለስፓኒሽ ተናጋሪው ሕዝብ ግን አዲስ ሰው አልነበረም፤ ገና በ12 ዓመቱ ሜኑዶ የተባለውን የታዳጊ ወንዶች ቡድን ተቀላቅሎ ያደገ፣ በ1998 አራተኛ አልበሙን ያወጣ ሰው ነው። በዚያ ምሽት ሽልማት ያስገኘለትም ይኸው የስፓኒሽ አልበሙ ነበር። ከዚያ በኋላ «ሊቪን ላ ቪዳ ሎካ» ተለቀቀ፤ በሜይ ወር መጀመሪያ የቢልቦርድን ዋና ሰንጠረዥ (በአሜሪካ በየሳምንቱ የሚወጣውን የተወዳጅ ዘፈኖች ደረጃ) መሪነት ይዞ 5 ሳምንት ቆየ። ሜይ 11 የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ በአሜሪካ 661,000 ቅጂ ተሸጠለት፤ ታይም መጽሔትም በዚያው ወር በሽፋኑ ይዞት ወጣ። ዘፈኑን ከደረሱት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ድራኮ ሮሳ፣ በሜኑዶ ውስጥ የልጅነት ባልደረባው ነበር። በስቱዲዮ ሥራ ላይ ያላችሁ አንባብያን ደግሞ ይህን ሳትወዱት አትቀሩም፦ ዘፈኑ በቴፕ ሳይሆን ከቀረጻ እስከ ሚክሲንግ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር፣ ፕሮ ቱልስ በተባለው ፕሮግራም ተሠርቶ የአሜሪካን ሰንጠረዥ ለመምራት የበቃ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ዛሬ በጥሩ ማዳመጫ ለሚሰማው ሰው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁ እስከ ጣራው ተገፍቶ ዕረፍት የሚነሣ መሆኑ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የፖፕ ሙዚቃ ግማሹ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው።

ሌሎቹም ተከትለው መጡ። ጄኒፈር ሎፔዝ በጁን ወር የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች፤ የአልበሙ ስም ከተወለደችበት ከብሮንክስ ወደ ማንሃታን ስትመላለስበት ከነበረው ከ6 ቁጥር የምድር ባቡር የተወሰደ ነው። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋም 5 ሳምንት አንደኛ ሆነ። በሴፕቴምበር ኤንሪኬ ኢግሌሲያስ በ«ባይላሞስ» 2 ሳምንት መራ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ማርክ አንቶኒ የእንግሊዝኛ አልበሙን ለቀቀ። ማርክ አንቶኒም ቢሆን ሪኪ ማርቲን አዳራሹን ባስነሣበት በዚያው ምሽት በሳልሳ አልበሙ ግራሚ የወሰደ ዘፋኝ ነበር፤ ካሜራው ግን ብዙም አልተከተለውም።

እንግዲህ «ለምን በአንድ ጊዜ?» ለሚለው የእኛ መልስ፣ ለዓመታት ሲጠራቀም የቆየ ነገር በጥቂት ኃላፊዎች ውሳኔ በአንድ ዓመት ስለተለቀቀ ነው የሚል ነው። ሪኪ ማርቲን፣ ጄኒፈር ሎፔዝና ማርክ አንቶኒ ሦስቱም በቶሚ ሞቶላ ይመራ በነበረው በሶኒ ሙዚቃ ሥር ነበሩ። ከበስተጀርባ ደግሞ የግሎሪያ ኤስቴፋን ባለቤት የሆነው የማያሚው ኤሚሊዮ ኤስቴፋን በፕሮዲውሰርነት የሪኪ ማርቲንንና የሎፔዝን ሥራ ነክቷል። ኩባንያዎቹ ገበያው መኖሩን ካወቁ ቆይተዋል፤ በማርች 1995 የተገደለችው የቴክሳስ ተወላጇ ሴሌና፣ ከሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ የወጣው፣ የእንግሊዝኛ ዘፈኖች ያሉበት አልበሟ በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ነበር የገባው። በ2000 የተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራም 35.3 ሚሊዮን የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ነዋሪዎችን መዝግቧል። ይህን ያህል ገዢ ያለበት አገር ውስጥ ሻጭ ሳይመጣ አይቀርም።

ሆኖም ጋዜጦቹ ነገሩን ከውጭ በድንገት እንደ ደረሰ እንግዳ መጻፋቸው ትክክል አልነበረም። የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ሎፔዝና አንቶኒ ደግሞ የተወለዱት ኒው ዮርክ ነው። የሎፔዝ የመጀመሪያ ተወዳጅ ዘፈን ከአር ኤንድ ቢ የሚለየው አንዳች ነገር የለውም። «ባይላሞስ»ም ቢሆን የተጻፈው የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የሸርን «ቢሊቭ» ከሠሩት መካከል በነበሩ ሁለት እንግሊዛውያን ነው። ከሁሉም በላይ፣ በዚያ ዓመት ሰንጠረዡን የመሩት ዘፈኖች በሙሉ፣ ጣል ጣል ከተደረጉባቸው የስፓኒሽ ሐረጎች በቀር፣ በእንግሊዝኛ የተዘፈኑ ናቸው። ከ1996ቱ «ማካሬና» በኋላ አብዛኛው ግጥሙ ስፓኒሽ የሆነ ዘፈን አሜሪካን ለመምራት እስከ 2017ቱ «ዴስፓሲቶ» ድረስ 21 ዓመት ጠብቋል፤ ሙሉ በሙሉ በስፓኒሽ የተሠራ አልበም የአልበሞችን ሰንጠረዥ የመራው ደግሞ ገና በ2020 መጨረሻ፣ በፖርቶ ሪኮው ዘፋኝ በባድ በኒ ነው። ስለዚህ በ1999 የገነኑት የላቲን ሰዎቹ እንጂ ቋንቋቸው አልነበረም ብንል የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ «ካርሎስ ሳንታና የአባቴ ዘመን ሙዚቀኛ ነው። በዚያ ዕድሜው ከወጣቶቹ መካከል እንዴት ተገኘ?» (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በእርግጥም የአባትዎ ዘመን ሰው ነው። በ1947 በሜክሲኮ ሃሊስኮ ግዛት ከማሪያቺ ቫዮሊን ተጫዋች ተወልዶ፣ በቲኋና የምሽት ቤቶች ጊታር እየተጫወተ አድጎ፣ በ1969 በታዋቂው የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል በዉድስቶክ መድረክ ላይ የወጣ ነው። በ1990ዎቹ ውስጥ ግን ኮንሰርቱ እንጂ አልበሙ አይሸጥም ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካው ኮሎምቢያ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ያስፈረመው ክላይቭ ዴቪስ፣ በዚህ ጊዜ የአሪስታ ኩባንያ ኃላፊ ሆኖ፣ እንደገና አስፈረመውና አንድ ስልት አመጣ፤ ሳንታና ጊታሩን እንደወትሮው ይጫወት፣ በየዘፈኑ ግን በዘመኑ የሚታወቅ አንድ ድምፃዊ ይግባ። በጁን 1999 የወጣው «ሱፐርናቹራል» በዚህ ስልት ነው የተሠራው። በሮብ ቶማስ የተዘፈነው «ስሙዝ» ከኦክቶበር ጀምሮ 12 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ወደ አዲሱ ዓመት ተሻገረ፤ በፌብሩዋሪ 2000 ሳንታና በአንድ ምሽት 8 ግራሚ ወሰደ፤ ይህም ማይክል ጃክሰን በ1984 ካስመዘገበው ጋር እኩል ነው።

የእኛ አስተያየት፣ ከዚህ አልበም ውስጥ ለላቲን ሙዚቃ ቅርብ የሆነው «ስሙዝ» ሳይሆን ከሜክሲኮው የሮክ ቡድን ከማና ጋር በስፓኒሽ የሠራው «ኮራሶን ኤስፒናዶ» ነው። በሴፕቴምበር 2000 ለመጀመሪያ ጊዜ በሎስ አንጀለስ በተካሄደው የላቲን ግራሚ ላይ የዓመቱ ምርጥ ቅጂ የተባለውም ይኸው ነው። ሳንታናን ከሥሩ ለማወቅ የሚሻ ግን በ1970 የተጫወተውን «ኦዬ ኮሞ ቫ» ከዘፈኑ ደራሲ ከቲቶ ፑዌንቴ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ቅጂ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ይስማ፤ የፑዌንቴው በነሐስ መሣሪያና በዋሽንት፣ የሳንታናው በኦርጋንና በኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ከሥር ያለው ምት ግን አልተነካም።

ጥያቄ፦ «ማምቦ ቁጥር 5ን የዘፈነው ሉ ቤጋ ኩባዊ ነው የሚሉ አሉ። አፍሪካዊ ነው የሚሉም አሉ። የትኛው ነው እውነቱ?» (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ጀርመናዊ ነው። የተወለደው ሙኒክ ሲሆን አባቱ ኡጋንዳዊ፣ እናቱ ጣሊያናዊት ናቸው። ኩባዊው ሰው ፔሬዝ ፕራዶ ነው፤ የማታንሳስ ተወላጅ የሆነው ይህ ፒያኒስትና የባንድ መሪ በ1949 በሜክሲኮ ያስቀረጸውን ግጥም አልባ ማምቦ፣ ሉ ቤጋ ከ50 ዓመት በኋላ ቆርጦ ወስዶ የሴቶች ስም ዝርዝር ጨመረበት።

ጥያቄ፦ «ሙላቱ አስታጥቄ ስለ ላቲን ሙዚቃ በተደጋጋሚ ሲናገሩ እሰማለሁ። የእኛ ጃዝ ከላቲን ሙዚቃ ጋር ምን ያገናኘዋል? ወይስ ለወሬ ያህል ነው?» (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ለወሬ አይደለም፤ በሸክላ ተቀርጾ ያለ ነገር ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተን በርክሊ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ በኒው ዮርክ፣ አብዛኞቹ የፖርቶ ሪኮ ልጆች ከሆኑ ሙዚቀኞች ጋር የኢትዮጵያ ኩዊንቴት የተባለ ቡድን መሥርተው፣ በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል ርእስ ሁለት አልበሞች አሳትመዋል። በመጀመሪያው አልበም ላይ «መስከረም ሲጠባ» ከ«ማምቦ ሴንጉ»ና ከ«ፕሌይቦይ ቻቻ» ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይገኛል። የዜማው ቅኝት የእኛ ነው፤ ከሥሩ የሚሄደው ኮንጋና የፒያኖው አመላለስ ግን በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ የላቲን ዳንስ ቤቶች ሁሉ ይሰማ የነበረው ነው። ይህ የሆነው ጋዜጦቹ የላቲን ሙዚቃ በድንገት መጣ ከማለታቸው ከ33 ዓመት በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

በነገራችን ላይ፣ በሰው በኩል የመጣ ግንኙነትም አለ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኩባ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ የተማሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስፓኒሹንም ሳልሳውንም ይዘው ተመልሰዋል። በሪኪ ማርቲን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ግጥሙን ተረድተው የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ስለ ኩባ ሽማግሌ ሙዚቀኞች የተሠራውን የጀርመናዊ ዳይሬክተር ፊልም በቅርቡ ተመለከትኩ። ፊልሙ የወጣው በ1999 ነው ይላል። እነዚህ አዛውንቶች በእርግጥ ተረስተው ነበር? ታሪኩ ትንሽ የተቀባባ አይደለም?» (አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አዎንም አይደለምንም ይይዛል።

መነሻው ከአፍሪካ ነው። በማርች 1996 የእንግሊዙ ወርልድ ሰርኪት ኩባንያ ባለቤት ኒክ ጎልድና ጊታሪስቱ ራይ ኩደር ሃቫና የሄዱት፣ የማሊ ሙዚቀኞችን ከኩባውያን ጋር አንድ ላይ ለማስቀረጽ ነበር። ማሊዎቹ በቪዛ ምክንያት ሳይደርሱ ቀሩ። ስቱዲዮው ተከራይቷል፣ ቀኑ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የባንድ መሪው ሁዋን ዴ ማርኮስ ጎንሳሌስ የሚያውቃቸውን አዛውንቶች ከየቤታቸው ሰበሰበ። ኢብራሂም ፌረር መዝፈን ትተው ጫማ በመጥረግ ይተዳደሩ ነበር። ፒያኒስቱ ሩቤን ጎንሳሌስ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ይዟቸው፣ በቤታቸውም ፒያኖ አልነበራቸውም። ኮምፓይ ሴጉንዶ 90 ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ ነበር። ከዚህ ስብሰባ የወጣው «ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ» በ1997 ታተመ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂም ተሸጠ። የቪም ቬንደርስ ፊልም በ1999 ሲመጣ፣ በዚያው ዓመት ኢብራሂም ፌረር በስማቸው የወጣ አልበም ነበራቸው። በመጀመሪያው የላቲን ግራሚም «ምርጥ አዲስ አርቲስት» ተብለው ሲሸለሙ ከ70 ዓመት በላይ ነበሩ፤ ዳኞቹ ይህን ሲወስኑ ሳይስቁ መቅረታቸው ያጠራጥራል።

ፊልሙ ውስጥ ሩቤን ጎንሳሌስ ልጃገረዶች ጂምናስቲክ በሚለማመዱበት ሰፊ አዳራሽ ፒያኖ ሲጫወቱ የሚታዩበት ክፍል አለ። ልጆቹ ልምምዳቸውን እየተዉ በፒያኖው ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ሰውየው ግን ቀና ብለው ካዩ በኋላ ምቱን ለልጆቹ እንቅስቃሴ እንዲመች አድርገው ይቀጥላሉ። ይህ ሰው ዳንሰኛ እያየ መጫወትን ሙያው አድርጎ የኖረ እንጂ ለአዘኔታ የተጠራ እንዳልሆነ ለማወቅ ያ አንድ ክፍል ይበቃል።

እንግዲህ ጥርጣሬዎ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው የኩባ ሙዚቃ በ1950ዎቹ ቆሞ የቀረ ሊመስለው ይችላል። ሃቫና ውስጥ ግን ወጣቱ በዚያን ጊዜ የሚጨፍረው ቲምባ በተባለው ዘመናዊ የኩባ የዳንስ ሙዚቃ ነበር። በ1969 በሁዋን ፎርሜል የተመሠረተው ሎስ ቫን ቫን በ1999 ያወጣው «ዬጎ ቫን ቫን» በቀጣዩ ዓመት በሳልሳ ዘርፍ ግራሚ አግኝቷል። ኦክቶበር 1999 ቡድኑ ማያሚ አሬና ውስጥ ኮንሰርት ሲያቀርብ፣ የካስትሮን መንግሥት የሚቃወሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኛ ኩባውያን በሩ ላይ ወጥተው ወደ ውስጥ የሚገባውን ሰው እየሰደቡ ሲጮኹ አመሹ። ስደትን ለሚያውቅ የእኛ ማኅበረሰብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘፋኝ ኮንሰርት ይግባ ወይስ ይከልከል የሚለው ክርክር በየአዳራሹ በር ላይ ተሰምቷል። ለእኛ የዓመቱ ትልቁ የላቲን ሙዚቃ ዜና ከሪኪ ማርቲን ሽፋን ይልቅ ይህ የማያሚ ምሽት ነው፤ ሙዚቃው ለባለቤቶቹ ምን ማለት እንደነበረ ያሳየ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ «ስፓኒሽ አልችልም። ከዚያ ዓመት ሥራዎች የእንግሊዝኛዎቹን ትቼ ሌላ ለመስማት ብፈልግ ከየትኛው ልጀምር?» (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቋንቋው አያሳስብዎ። ረጋ ያለ ነገር ከወደዱ ፓናማዊው ሩቤን ብሌድስ ከኮስታ ሪካው ኤዲቱስ ቡድን ጋር የሠራውን «ቲየምፖስ» ይያዙ፤ የሳልሳ ባለቅኔ የተባለው ሰው እዚህ አልበም ላይ ወደ ቫዮሊንና ወደ ለስላሳ ጊታር ተመልሷል፤ ግራሚም አስገኝቶለታል። ሮክ ለሚወዱ የማና «ኤም ቲቪ አንፕላግድ» (በአብዛኛው ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ የቀረበ ኮንሰርት) አለ። ኮሎምቢያዊው ካርሎስ ቪቬስ በ«ኤል አሞር ዴ ሚ ቲየራ» ቫዬናቶ የተባለውን የአገሩን ባህላዊ ሙዚቃ ከአኮርዲዮኑ ጋር ወደ ዘመናዊ ባንድ አምጥቶታል፤ ከእኛ አገር አኮርዲዮን የለመደ ጆሮ ቶሎ ይቀበለዋል። የሉዊስ ሚጌል «አማርቴ ኤስ ኡን ፕላሴር» በመጀመሪያው የላቲን ግራሚ የዓመቱ አልበም ሆኗል፤ ለእኛ ግን ከመጠን በላይ የተወለወለ ነው። የሜክሲኮው ካፌ ታኩባ ሁለት ዲስክ አወጣ፤ አንዱ ያለ ግጥም፣ ሌላው ከግጥም ጋር። ገበያ ላይ አልቀናውም፤ ጀማሪ ሰሚ በእሱ እንዲጀምር አንመክርም።

የኮሎምቢያዊቷ ዘፋኝ የሻኪራ የአንፕላግድ ኮንሰርት የተቀረጸውም በኦገስት 1999 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ ዲስኩ የወጣው በ2000 መጀመሪያ ነው። የአባቷ ዘር ከሊባኖስ የሚመዘዝ ሲሆን፣ «ኦሆስ አሲ» በተባለው ዘፈኗ ውስጥ ዐረብኛ ስንኞች አሉ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝኛ አልበም ገና አልነበራትም፤ እሱ የመጣው በ2001 መጨረሻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙ ከሆነ በዚህ ኮንሰርት ይጀምሩ፤ ቀጥለው ወደ «ቲየምፖስ» ይሂዱ፤ ሎስ ቫን ቫንን ግን ለቅዳሜ ምሽት፣ ቤት ውስጥ የሚጨፍር ሰው ሲኖር ያቆዩት።